እንደ ራስህ ዘር

ኡሜኦ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2011

ወንድምዓለም አይጊል፣

እንደምን ሰነበትክ? ካርድህ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱ የዘገየው በእኔ ስንፍና ነውና የከተማህን የናክስኮቭን ፖስተኛ አትቆጣው። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ አለሁ ይለኛል። አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው፣ በጸደይ ጡረታ እወጣለሁ። ኬክ ይቆረሳል፣ አበባ ይሰጡኛል፣ ከዚያ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ይቀበሉኛል።

«ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ በረዶ ውስጥ ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» ብለሃል። ያው የማሽን ነገር ነው። ዘር በብርድ አድርቀን... አይ፣ ተወው። ዘር እንፈጫለን፣ ማሽኑ በውስጡ ያለውን ስኳርና ቅባት በየስሙ ይነግረናል። የቀረው አሰልቺ ስለሆነ ወረቀት አላባክንብህም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ቶርኪል ግቢ ያለውን የኦክ ዛፍ በገመድ እንደለካውና ወደ ዘር ማድረቂያው ቤት ጣሪያ መዝመሙን እንደነገረህ ጽፈሃል። ልጅህ እውነቱን ነው፣ ግን እባክህ ትንሽ ይታገሥልኝ። ተማሪ ሳለሁ ከዚያ ዛፍ ሥር ፍሬ ለቅሜ መሄዴን ታስታውሳለህ? የመጀመሪያ ጥናቴ እሱ ነበር። የእኛ ኦክ ፍሬው ከሌሎች ኦኮች ሁሉ ይበረታል ብዬ ጻፍኩ። ሌሎች በየአገራቸው ኦክ ሞከሩት፣ አልሆነላቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ስሜ ሲነሣ ፈገግ ይላሉ። ቁልፉን ሳልመልስ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ ማየት እፈልጋለሁ። የማሽኑ ተራ የሚደርሰኝ በኖቬምበር አጋማሽ ነው፣ እስከዚያ ከዚህ መነቃነቅ አልችልም። ዘንድሮ ካፈራ ፍሬውን ሰብስበህ ላክልኝ። እንዴት እንደሚያዝ ለአንተ አልነግርህም፣ እንደ ራስህ ዘር አድርገህ ያዝልኝ።

እህትህ ቲራ


ሎላንድ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 2011

ለዶክተሪት እህቴ፣

ሰላም ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ግን ጨርሶ ሸኝቶኛል። ያ የማድረቂያ ማራገቢያ ዕድሜ ልኩን ሲጮህብኝ ኖሮ አሁን ጸጥ አሰኝቶኛል። አዲስ መስሚያ ይገዛ ስላልሽው አመሰግናለሁ፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ውሻ እንደሚጠራ ሰው ያፏጫል እንጂ ሰው አያሰማም። የሰው ከንፈር አይቼ እግባባለሁ፤ ጢም ካላቸው ጋር አልነጋገርም።

ኦኩ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው በሕይወት የቀረው፤ ሌላው ደረቅ እንጨት ነው። ያ አንዱ ግን አፍርቷል። ሊሞት ሲል ነው መሰለኝ የበረታው። ቶርኪልን ጠርቼ፣ «ዘሩ በሕይወት መኖሩን ከቲራ እስክሰማ በዚህ ዛፍ ላይ ማንም መጋዝ አያነሣም» አልኩት።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ምንም አትሰማም!» አለኝ።

«እንግዲያውስ ትጠብቃለህ» አልኩት።

ተናዶ ሄደ፣ በር ላይ ሲደርስ ግን ሲስቅ ትከሻው ተናጠ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ጣሪያውን ስለሚፈራ ነው። ከዚያ ዛፍና ከእኔ ሌላ በዚህ ግቢ ከእናታችን ዘመን በሕይወት የቀረ የለም፣ እኔም ሆንኩ ቅርንጫፉ በአንድ እግር ነው የቆምነው። ዘሩ ካለ ግን ዛፉ ቢሄድም አይቆጨኝም። ዘር ካለ ሁሉም አለ፣ ይህን አባታችን ነው ያስተማረን።

ፍሬው ሲደርስ እልካለሁ። ስለ አያያዙ አታስቢ፣ ማንን ልታስተምሪ ነው!

አይጊል


ሎላንድ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2011

እህትዓለም፣

ሳጥኑ ይኸውልሽ። የዘገየሁት ስንፍና ይዞኝ አይደለም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ከቅርንጫፉ ሥር የአልጋ አንሶላ ዘርግቼ ወፎቹ ሳይቀድሙኝ ለቀምኩት። ሳር ውስጥ የገባውን እንኳ በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈልጌ ነው ያወጣሁት፤ አንድ ፍሬ አልቀረም። ትል የበሳውን ጣልኩ። ከዚያ የአባታችንን ትንሹን ማድረቂያ አስነሣሁት። ትልቁን ቢሆን ያቃጥልብኛል፣ ትንሹ ግን እንደ ሕፃን ገላ ነው የሚያሞቀው። ለብ ያለ አየር ብቻ፣ ቀን ከሌት እያገላበጥኩ፣ በጣም በቀስታ። የምሸጠው የስፒናች ዘር እንኳ በሕይወቱ እንዲህ ተይዞ አያውቅም። ቶርኪል መጥቶ አየና፣ «አባዬ፣ ለንግሥቲቱ ነው እንዴ የምትልከው?» አለኝ። «ለቲራ ነው፣ ንግሥቲቱ ትጠብቅ» አልኩት።

አሁን ሳጥኑን ስትነቀንቂው ይንኳኳል። እኔ አልሰማውም፣ በመዳፌ ግን ይሰማኛል። እርጥብ ዘር ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም፣ በእኔም ዘመን አይወጣም።

አንድ እፍኝ ለራሴ አስቀርቻለሁ፣ በሳሎን መስኮት ላይ እዘራዋለሁ። አንቺ ደግሞ የዘር መመርመሪያ ጣቢያዎቹ እንደሚያደርጉት በዚያ ፈሳሽ ነክረሽ ንገሪኝ፤ በሕይወት ያለው ይቀላል፣ የሞተው ነጭ ሆኖ ይቀራል አይደል? ብዙ አትጻፊ፣ ቀልቷል ወይም አልቀላም በይኝ፣ ይበቃኛል።

አይጊል


ኡሜኦ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2011
(ያልተላከ)

ወንድምዓለም፣

ሳጥኑን ከፖስታ ቤቱ ስረከብ ተንኳኳ። ሳልከፍተው አወቅኩ፣ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አይጊል፣ የኦክ ፍሬ አይደርቅም። ደርቆ የሚተኛ ዘር አለ፣ እንደ አንተ ስፒናች፤ ደርቆ የሚሞት ዘርም አለ። ኦክ ከዛፉ እርጥብ ሆኖ ይወርዳል፣ እርጥበቱን ካጣ ያልቅለታል። በእርጥብ አሸዋ ተቀብሮ፣ በብርድ ነው የሚያዘው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው፣ አንዱ የሚተኛበት ድርቀት ሌላውን ለምን ይገድለዋል? የእኛ ዛፍ ፍሬ ከሌሎቹ ይበረታል ያልኩት ድርቀቱን ትንሽ ረዘም አድርጎ ስለሚታገሥ ነው፣ ትንሽ ብቻ። አንተ ያደረቅኸውን ያህል የደረቀ ኦክ በዓለም ላይ ተርፎ አያውቅም።

እያንዳንዱን ሰንጥቄ ነከርኩት። በሰሃኖቹ ላይ ጎንበስ ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ሁሉም ነጭ ነው። እንደ ጥርስ ነጭ።

ያደረቅኸው አንተ ነህ። «እንደ ራስህ ዘር» ያልኩህ ግን እኔ ነኝ። በየትኛው ቃል ልንገርህ? በጉልበትህ ተንበርክከህ ለቅመህ፣ ሌሊት ተነሥተህ አገላብጠህ


ኡሜኦ፣ ኖቬምበር 17 ቀን 2011

ውድ ወንድሜ፣

ሳጥኑ በደህና ደርሶኛል፣ እጅህ ይባረክ። ፖስታ ቤቱ ምንም አልጎዳውም፣ አስተሻሸግህን ያየ ሁሉ አደነቀ።

ቀልቷል።

እዚህ በረዶው ገብቷል፣ ከሰዓት በኋላ መብራት እናበራለን። ከሥራ ብዛት የተነሣ ዛሬ ብዙ መጻፍ አልቻልኩምና ይቅርታ። ለቶርኪል ሰላምታዬን ንገርልኝ። ወፍራሙን ሹራብ መልበስ አትርሳ።

ቲራ


ሎላንድ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2012

እህቴ ሆይ፣

እንኳን አዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰሽ። በካርድሽ ለገና ብቻዬን እንደሆንኩ መጠየቅሽ ደግ ነው፤ ቶርኪል ዳክዬ ጠብሶ አምጥቶልኝ ነበር፣ አሳርሮታል፣ በላነው።

ያቺን አንዲት ቃልሽን ማድረቂያው ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኳት። ቶርኪልን ጠርቼ በጣቴ አሳየሁትና፣ «እንግዲህ ሰማሁ» አልኩት። አቀፈኝ። ልጁ ካደገ ወዲህ አቅፎኝ አያውቅም፤ ጣሪያው እንዲህ ያስጨንቀው ነበር ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ቆረጡት። የመጋዙን ድምፅ አልሰማሁም፣ ሲወድቅ ግን በእግሬ ወለሉ ነገረኝ። መሃሉ ባዶ ነበር፣ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገባሁት። ከታች ያለው ደህና ስለነበር ሳንቃ አሰንጥቄ አስቀምጫለሁ። አሁን በሳሎኑ መስኮት ብርሃን ሳይከለከል ይገባል፣ ገና አልለመድኩትም። ጠዋት ስነሣ ሰው የመጣ ይመስለኛል።

ላልደብቅሽ፣ ትንሽ አለቀስኩ። ግን ቀልቷል ብለሻል፣ እሱን እያሰብኩ ተጽናናሁ። የእኔም እፍኝ ማሰሮ ውስጥ ነው፣ ጸደይን ይጠብቃል። ጉቶውን ደግሞ በሚቀጥለው ወር የሚፈጭ መኪና ይመጣል፣ ቦታው ዘር ለሚጭኑት ከባድ መኪናዎች መዞሪያ ይሆናል።

አይጊል


ኡሜኦ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2012

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ጤንነትህ እንዴት ነው? ስለ ደረትህ ሕመም አንድ ቃል አልጻፍክልኝም፣ ሐኪሙ ዘንድ ሄድክ ወይ?

አንድ ነገር ልለምንህ። ጉቶውን አታስፈጩት። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፣ እስከ በጋ ብቻ ተዉልኝ። መኪናዎቹ በሌላ በኩል ይዙሩ።

እባክህ።

ቲራ


ሎላንድ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2012

እቴ፣

ዝምታዬን ይቅር በይኝ። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፤ ልቤ ሰፍቷል አለኝ። እኔም «ለአሮጌ ቤት ሰፊ ልብ ምን ያደርጋል?» አልኩት፣ አልሳቀም። ደረጃ ከልክሎኛል፣ ስለዚህ ታች ሳሎኑ ውስጥ ነው የምተኛው።

ስለ ጉቶው ለቶርኪል አንብቤለት ነበር። «አክስቴ ዘሩ ቀልቶላት የለ? ጉቶ ምን ያደርግላታል?» አለኝ። ምክንያቱን አልጻፍሽልኝማ። ተፈጨ፣ ከዚያ ኮንክሪት ፈሰሰበት።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አልነገርኩም። የእኔ እፍኝ አልበቀለም። አንድም! የበረንዳው ሊላ ቁጥቋጦ አብቦ ሳየው ትዕግሥቴ አለቀና አንዱን ማሰሮ ቆፈርኩት። ፍሬዎቹ እንደዘራኋቸው ናቸው፣ በቢላ ስሰነጥቃቸው ውስጣቸው ሻግቷል። ሌሎቹንም ቆፈርኩ፣ ያው ናቸው። ከአንድ ዛፍ፣ ከአንድ ማድረቂያ፣ ከአንድ ሳጥን ነው የተካፈልነው። የአንቺ ቀልቷል፣ የእኔ ሞቷል። እንግዲህ ልዩነቱ እኔ ነኝ ማለት ነው። ውሃ አብዝቼባቸው ይሆን? አፈሩን አጥብቄው ይሆን? ዕድሜዬን ሙሉ ለግማሽ አውሮጳ ዘር አብቅዬ አሁን አንድ ኦክ ማብቀል ካልቻልኩ፣ እጄ ከድቶኛል ማለት ነው።

የማድረቂያውን ቁልፍ ለቶርኪል ሰጠሁት። «ምነው አባዬ፣ ማን አባረረህ?» አለኝ። ደክሞኛል አልኩት። ወደዚያ ቤት ከገባሁ ሰነበትኩ፣ ዘር ስነካ እጄ የሚገድለው እየመሰለኝ ነው።

ከጡረታሽ በኋላ ስትመጪ ካበቀልሻቸው አንዷን ችግኝ አምጪልኝ። አንዷ ትበቃኛለች። ቶርኪል እንዲተክላት አደርጋለሁ፣ እኔ አልነካትም።

አይጊል


ኡሜኦ፣ ሜይ 9 ቀን 2012

ወንድሜ አይጊል፣

ቁጭ ብለህ አንብበው። ቶርኪልንም አጠገብህ አስቀምጠው።

የማመጣልህ ችግኝ የለም። የእኔም አልቀላም። አንድም አልቀላም። ኖቬምበር ላይ ሁሉንም ነጭ ሆነው አይቻቸዋለሁ፣ አይቼም ቀልቷል ብዬ ጻፍኩልህ። እጅህ አልከዳህም። ውሃው አልበዛም፣ አፈሩም አልጠበቀም። ማሰሮው ውስጥ ሲገቡ ሞተው ነበር።

የገደላቸው ድርቀቱ ነው። የኦክ ፍሬ እንደ ስፒናች አይደለም፤ ስፒናች ሲደርቅ በውስጡ ያሉት ስኳሮች እንደ መስታወት ይጠነክሩና ሕይወቱን አቅፈው ያስተኙታል። ኦክ ያን አቅም አያገኝም። እርጥበቱ ሲወጣ ውስጡ ይፈርሳል፣ ተመልሶም አይገጥምም። አንተ ደግሞ በሕይወትህ ካደረቅኸው ሁሉ አስበልጠህ አድርቀኸዋል። እንደ ራስህ ዘር አድርገህ ያዝልኝ ብዬህ እንደ ራስህ ዘር ያዝከው። እርጥብ አሸዋ የሚል አንድ ቃል ብጨምር ኖሮ ይበቃ ነበር። ለእኔ በሙያዬ እንደ ሀሁ የተማርኩት ነገር ስለሆነ አንተ ላታውቀው እንደምትችል አልታየኝም።

የማሽኑ ተራ ደርሶኝ ስለነበር የሞቱትን ፈጨኋቸው። የጎደለውን ሁሉ በየስሙ ቆጠረልኝ። የጎደለውን መቁጠር ይችላል፣ መመለስ ግን አይችልም። የእኛ ዛፍ ከሌሎቹ ይበረታ እንደሆነና እንዳልሆነ አሁን ማንም ሊያውቀው አይችልም፣ እኔም ሳላውቀው ቁልፌን መልሻለሁ። ኬኩ ቆንጆ ነበር።

እሱ እንኳ ይቅር። አልቀላም ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ መጋዙን አታስነሣም ነበር። ከዚያ ቅርንጫፍ ቀንበጥ ቆርጠን በሌላ ኦክ ግንድ ላይ ሰክተን እናበቅለው ነበር። ጉቶው ቢቀር ደግሞ ራሱ ያቆጠቁጥ ነበር፣ የለመንኩህም ለዚያ ነው። ያኔም እውነቱን መጻፍ አቃተኝ። እንዳታዝን ብዬ ዋሸሁህ፣ በውሸቴ ዛፉንም፣ ጉቶውንም፣ በእጅህ ላይ የነበረህንም እምነት ወሰድኩብህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ የእኔው ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነጋ።

አልቆጣም ብለህ አትጻፍልኝ። ተቆጣኝ።

ቲራ


ሎላንድ፣ ጁን 3 ቀን 2012

ቲራ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት፣ ከዚያ ለቶርኪል ሰጠሁት። አንብቦ ወጣ። በመስኮት ሳየው ባንዲራውን ሰው ሲሞት እንደሚደረገው ምሰሶው ወገብ ላይ ሰቅሏል። ጎረቤታችን ብስክሌቱን አቁሞ ሲጠይቀው ከንፈራቸውን አየሁ።

«ምነው፣ አባትህ ነው?» አለው።

«አባቴስ አለ፤ ኦኩ ነው» አለው ቶርኪል።

«እሱማ በጃንዋሪ ነው የሞተው።»

«እኛ ዛሬ ነው የተረዳነው።»

ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። የሎላንድ ሰው እብድ ነው ሲሉን አይዋሹም። ወደ ማታ ቀብር እንደተፈጸመ ሁሉ እስከ ጫፍ ከፍ አድርጎ አወረደው።

ተቆጣኝ ብለሻል፣ ተቆጥቻለሁ። ዘሩን ስለገደልኩት አይደለም፤ በፍቅር የገደለ እኔ ብቻ አይደለሁም። ስለ ውሸትሽም ያን ያህል አይደለም፣ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ያቺኑ ቃል እጽፋት ነበር። የተቆጣሁት በሌላ ነው። ምን ትሠሪያለሽ ብዬ በየጊዜው ጠይቄሻለሁ። የማሽን ነገር ነው አልሽኝ። ገበሬ ነው፣ አይገባውም ብለሽ ነው? ዕድሜዬን የጨረስኩት ዘር በማድረቅ ነው፣ ያንቺም ዕድሜ ያለቀው ዘር ለምን በድርቀት እንደሚሞት ስትጠይቂ ነው። አንድ ሥራ ነበር የምንሠራው፣ እኔ ግን አላውቅም ነበር። ያኔ ጆሮ ነበረኝ። ብትነግሪኝ ማራገቢያውን አጥፍቼ እሰማሽ ነበር።

አሁን ስለ ሳንቃዎቹ። ማድረቂያው ቤት ውስጥ በየመሃላቸው ቀጭን ጣውላ እያስገባሁ ደርድሬያቸዋለሁ። ቁልፉን ከቶርኪል ተቀብያለሁ። እንጨት እንኳ መድረቅ አለበት፣ ይህንን እችልበታለሁ። አናጢው ሳይሰነጠቅ እንዲደርቅ ሁለት ክረምት ይፈልጋል አለኝ። ሐኪሙ ሁለት ክረምት አልሰጠኝም። የቀረውን አንቺ ታገላብጪዋለሽ፣ እንዴት እንደሚገላበጥ አሳይሻለሁ። ምን ይሠራበት እንደሆነ ለቶርኪል ነግሬዋለሁ፣ በጊዜው ይነግርሻል።

ችግኝ አታምጪ፣ ከሌላ ቦታም ገዝተሽ እንዳታመጪ። ባዶ እጅሽን ነይ። መልስም አትጻፊ። ፊት ለፊቴ፣ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ እንዲያርፍ በመስኮቱ በኩል ትቀመጫለሽ፣ አሁን የሚከልለው ዛፍ የለም። ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ከንፈርሽን አያለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። ስፒናች ለምን ይተኛል፣ ኦክ ለምን ይሞታል?

ማራገቢያውን አጥፍቼዋለሁ።

አይጊል